ከድልድዩ ማዶ ያለው ትምህርት
ሦስተኛ ዲግሪ ለሚያስቡ ልጆቻችንና ለወላጆቻቸው

(ይህ ጽሑፍ በመስጊዳችን ለተመራቂዎች በተዘጋጀ መርሐ ግብር ላይ የተደረገ ንግግር ሲሆን፣ ኮሚቴው ባሳሰበው መሠረት ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት በጽሑፍ የቀረበ ነው።)

በአላህ ስም እጀምራለሁ። ምስጋና ሁሉ ለእርሱ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ርእሴ ከሚንበር ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አይደለም። በምህንድስናና በሳይንስ ለሦስተኛ ዲግሪ፣ ማለትም ለዶክትሬት፣ እንዴት እንደሚመለከት እንነጋገራለን። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ መርካቶ ውስጥ ባለው ጀመዓችን ዘንድ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ ሰፈር የሚደሰትበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ዛሬ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ባለ ዲግሪ ይገኛል። አንዱ ሲቪል መሐንዲስ ነው፣ ሌላው ኤሌክትሪክ ተምሯል፣ እኅታቸው ኬሚስትሪ ጨርሳለች። ብዙዎቹ ጋዋኑን ባወለቁ ማግስት ወደ አባታቸው ሱቅ ባንኮኒ ይመለሳሉ። ንግድ ሐላል ሥራ ነው፤ እኛንም ያሳደገን እርሱ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች መካከል በባንኮኒው የማይመለስ ጥያቄ በልባቸው ይዘው የተቀመጡ አሉ። ንግግሬ ለእነርሱና ለወላጆቻቸው ነው።

እኔ መድረሳ የቀራሁ፣ የቀለሙን ትምህርት እስከ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ቀመርና ስለ ላቦራቶሪ አላስተምራችሁም። ሆኖም ባለፉት ዓመታት ወጣቶች ፎርማቸውን ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ አብሬያቸው ተቀምጬአለሁ። የተቀበሏቸውንም ያልተቀበሏቸውንም ደብዳቤዎች አንብበውልኛል። የሰማሁትንና ያረጋገጥሁትን ነው የማካፍላችሁ።

ለመሆኑ ዶክትሬት ምንድን ነው?

የመጀመሪያ ዲግሪ ሰዎች ያወቁትን መማር ነው። ሁለተኛው ያንኑ በጥልቀት ማወቅ ነው። ሦስተኛው ግን ከዚህ ይለያል፤ ከዚያ በፊት ማንም ያላወቀውን አንድ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ በማስረጃ አረጋግጦ በእውቀት ላይ መጨመር ነው።

ምሳሌውን ከቅርባችን እንውሰድ። ምናለሽ ተራ ሂዱ። እዚያ ያሉት ባለ እጆች ከአሮጌ ብረት ምድጃና መጥበሻ ይሠራሉ። የትኛው ብረት መዶሻ እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ በእጃቸው ያውቁታል። ባለ መጀመሪያ ዲግሪው መሐንዲስ ምክንያቱን ከመጽሐፍ ሊነግራችሁ ይችላል፤ ከሽቦና ከሞተር ፍርስራሽ ጋር የገባ መዳብ ብረቱ ግሎ ሲቀጠቀጥ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። መዳብ አንዴ ከብረት ጋር አብሮ ከቀለጠ ደግሞ መለየቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የዶክትሬት ተማሪ ግን ከዚያ አልፎ ይጠይቃል። እኛ አገር በሚሰበሰበው ቁርጥራጭ ውስጥ መዳቡ ምን ያህል ነው? ከመቅለጡ በፊት በርካሽ መንገድ እንዴት ይለያል? ይህን ጥያቄ ትልልቅ የብረት ፋብሪካ ያላቸው አገሮችም ይጠይቁታል። የመርካቶ ልጅ ከጥያቄው ጋር አብሮ አድጓል ማለት ነው።

ከጥያቄ የሚነሳ ትምህርት ምን እንደሚያፈራ የአገራችን ታሪክ ያሳያል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ተምረው ሲመለሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ያ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፍ ነው። እናቶቻችን እንዶዱን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ወንዙንም ብዙ ሰው ተሻግሮታል። ጥያቄውን የጠየቁት ግን እርሳቸው ነበሩ። ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም ከገጠር ተነሥተው በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ አልፈው ዶክትሬታቸውን በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያገኙ ናቸው። አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

«እኔ አርፍጃለሁ» የሚል ካለ የፊዚክስ መምህሩን ዶክተር ሙሉጌታ በቀለን ያስብ። በደርግ ዘመን ለዓመታት ያለ ፍርድ ታስረው፣ በእስር ቤት ውስጥ ለእስረኞች ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። ከእስር ከወጡ በኋላ ሕንድ አገር ሄደው በባንጋሎር ዶክትሬታቸውን ሠሩ፤ ተመልሰውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ከእስር ቤት ግድግዳ ጋር ሲነጻጸር የእናንተ ሁለትና ሦስት የባንኮኒ ዓመታት ምን ያህል ናቸው?

ሸይኽ እንደሚመረጥ መምህር ይመረጣል

አሁን ወደ ማመልከቻው እንግባ። ወጣቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «የትኛው አገር ይሻላል?» ብለው ነው። ይህ ጥያቄ ከመጨረሻው የሚጀምር ነው። የድሮው ደረሳ በወሎ ሲዞር አገር አልመረጠም። ለነሕው የበረቱት ሸይኽ የት ናቸው? ለፊቅህስ? ብሎ ጠይቆ ወደ ዳናም ወደ ጌታም በእግሩ ሄደ። ስንቁን ተሸክሞ የሄደው ወደ ሰውና ወደ ሰውየው እውቀት ነበር። ቀርቶ ሲጨርስም ኢጃዛውን የሚሰጡት ሸይኹ ራሳቸው ናቸው፤ የእርሳቸውም ሸይኽ፣ የሸይኻቸውም ሸይኽ በስም ይቆጠራሉ።

ዶክትሬትም እንዲሁ ነው። ተማሪው አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ዓመት በአንድ አማካሪ መምህር ሥር ይቆያል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በጥያቄያችሁ ላይ የጻፉትን ሰዎች ፈልጉ። ሁለት ሦስት ጽሑፋቸውን አንብቡ። ከዚያ አጭር ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ ማን እንደሆናችሁ፣ ከጽሑፋቸው የትኛውን እንዳነበባችሁ፣ ምን ልትጠይቁ እንደምትፈልጉ፣ አዲስ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ። አንድ ገጽ አይሙላ። አንዱን ደብዳቤ ለመቶ ሰው አትላኩ፤ ለመቶ ሰው የተላከ ደብዳቤ ሲነበብ ያስታውቃል። መልስ ባይመጣ አትቀየሙ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱና ወደ ሌላው እለፉ።

የአገር ቤቱ በር

ብዙዎች የማያስቡት በር እዚሁ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1978 ከፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ዶክትሬት ማስተማር ጀምሯል። የምህንድስናው ክፍል አምስት ኪሎ ነው፤ ከደጃችን ሩቅ አይደለም። ከዚህ ሌላ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ሙያ ተብለው የተደራጁ ናቸው። ባሕር ዳርም በውኃና በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ አላት።

አገር ቤት ለዶክትሬት ለማመልከት በቅድሚያ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል። ከዚያም የመግቢያ ፈተና፣ የምርምር ንድፍና ቃለ መጠይቅ ይኖራል። በቅርብ ዓመታት ትምህርት ሚኒስቴር ለድኅረ ምረቃ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ስለ ጀመረና የአሠራሩ ዝርዝር ስለሚለዋወጥ፣ የየዓመቱን ማስታወቂያ ከዩኒቨርሲቲው ራሳችሁ አንብቡ እንጂ በወሬ አትሂዱ።

የውጭው በር

ውጭ አገርን በተመለከተ አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ። በአሜሪካ በምህንድስናና በሳይንስ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ይቀበላሉ። ተቀባይነት ያገኘ ተማሪም አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት፣ በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት የመኖሪያ ደመወዝ ይከፈለዋል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሥራ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ግን ትምህርቱ ከመጀመሩ ከዘጠኝ ወር ያህል በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ በክረምት ይጀመራል። ጂ.አር.ኢ. የሚባለውን ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ብዙ ክፍሎች ትተውታል፤ የሚጠይቁም አሉ። የእንግሊዝኛ ፈተናውን አንዳንዶቹ «ትምህርቱን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ካመጣችሁ ይተዉላችኋል።

ጀርመን አገር በአብዛኛው ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል፤ አማካሪውም አስቀድሞ ይገኛል። የአገሪቱ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት፣ ዲ.ኤ.ኤ.ዲ.፣ የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል። የቱርክ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድልም ዶክትሬትን ይጨምራል፤ ለማመልከትም ገንዘብ አይጠየቅበትም።

ሳዑዲ ዐረቢያን ስናነሳ ከዚህ ሰፈር የማይተክዝ ቤት ጥቂት ነው። ስንት ልጆቻችን ወደ ጅዳ ለቤት ሥራና ለጥበቃ ሄዱ! ከዚያችው ከጅዳ በስተ ሰሜን፣ ቱወል በምትባል የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የንጉሥ ዐብደላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተቀባይነት ላገኘ የዶክትሬት ተማሪ የትምህርቱን ወጪ ሸፍኖ መተዳደሪያም ይሰጣል። ልጆቻችን ወደዚያ አገር የሚገቡበት በር አንድ ብቻ እንዳልሆነ እንወቅ።

ምስክርነት አደራ ነው

ከማመልከቻው ጋር የሚሄዱት ወረቀቶች ሦስት ዐይነት ናቸው።

አንደኛው የዓላማ መግለጫ ነው። እዚህ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወድ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር ምንም አይነግራቸውም። ለመመረቂያ ምን ሠራችሁ? ምን ለካችሁ? ምን አልሠራላችሁም? እንዴት አስተካከላችሁት? ቀጥሎ ምን ልትጠይቁ ትፈልጋላችሁ? ለምን እነርሱ ዘንድ? ይህን በሁለት ገጽ ጻፉ። የትራንስፎርመር ጠመዝማዛ ያቃጠለ ተማሪ ለምን እንደተቃጠለ በትክክል ካስረዳ፣ ሁሉም ተሳክቶልኛል ከሚለው ይልቅ ይታመናል።

ሁለተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ይጠየቃል። ወጣቶች አንዳንዴ እኔ እንድጽፍላቸው ይመጣሉ። እኔ ስለ ሥነ ምግባራቸው ልመሰክር እችላለሁ፤ አንባቢዎቹ ግን የሚፈልጉት ልጁ ሲመራመር በዐይኑ ያየ መምህር ነው። ስለዚህ ገና ተማሪ ሳላችሁ ሁለት ሦስት መምህራን በቅርብ ይወቋችሁ፤ ከሥራቸውም ሥር ሥሩ። ደብዳቤውንም ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለምኑ፤ የውጤት ወረቀታችሁንና የዓላማ መግለጫችሁን አብራችሁ ስጧቸው።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አለ። «አንተው ጽፈህ አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ» የሚባል ልማድ ተለምዷል። በራሳችሁ እጅ ራሳችሁን አሞግሳችሁ በሌላ ሰው አንደበት ማቅረብ የሐሰት ምስክርነት ነው። በእስልምና የሐሰት ምስክርነት ከከባባድ ወንጀሎች አንዱ መሆኑን ታውቃላችሁ። መምህሩ እንዲህ ካሉ የሠራችሁትን ዝርዝር በነጥብ ጽፋችሁ ስጧቸው፤ ፍርዱን ግን እርሳቸው ይጻፉት። የሐሰት ውጤት ወረቀትማ መነጋገሪያም አይሆንም። ድልድይ የሚሠራ ሰው ማስረጃው ሐሰት ከሆነ የሚወድቀው እርሱ ብቻ አይደለም፤ በላዩ የሚሻገረውም ሁሉ ነው።

ሦስተኛው ሰነድ ነው። ተመራቂ የወጪ መጋራት ግዴታውን ሳያጠናቅቅ ዋናውን ማስረጃ ማውጣት ይቸገራልና አስቀድማችሁ ጨርሱት። የእኛን ልጆች በተለይ የሚያሰናክል ደግሞ የስም አጻጻፍ ነው። ሙሐመድ የሚለው ስም በፈረንጅ ፊደል አንድ ጊዜ በ«ኦ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ዩ» ይጻፋል፤ አንዱ ወረቀት «ኤም»ን ይደግማል፣ ሌላው አይደግምም። ፓስፖርቱ፣ ዲግሪውና የፈተናው ውጤት በሦስት ዐይነት ስም ከመጡ፣ የሦስት ሰዎች ወረቀት ይመስላል። አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ የሚለያየውን አሁኑኑ በሕጋዊ መንገድ አስተካክሉ። «የቤተሰብ ስም» ለሚለው ቦታም የአያት ስም ካላችሁ ሁልጊዜ የአያት፣ የአባት ካላችሁ ሁልጊዜ የአባት ይሁን።

ስለ ገንዘብና ስለ ደላላ

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ከሰባ አምስት እስከ መቶ ዶላር ይጠይቃሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ ገንዘብ በብር ሲመነዘር ከቀድሞው እጅግ ከብዷል። ነገር ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አቅም የሌለው አመልካች በጽሑፍ ሲጠይቅ ክፍያውን ያነሱለታል። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ጠይቁ።

ከዚህ የከፋው ደላላ ነው። የዚህ ጀመዓ አንዲት እናት የወርቅ አምባራቸውን ሸጠው «ለልጅሽ ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» ላለ ሰው ከፈሉ። ማኅተም ያለበት የመቀበያ ደብዳቤም መጣ። ልጁ ዩኒቨርሲቲውን በቀጥታ ሲጠይቅ «አናውቀውም» አሉት። ወርቁ አልተመለሰም። እናትየው ያለቀሱት ለወርቁ ብቻ አልነበረም፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ለማመልከት ልቡ እምቢ አለው፤ ያ ነበር የባሰባቸው። ስለዚህ እወቁ፤ እውነተኛ የዶክትሬት ቦታ በደላላ አይገኝም። መምህሩ የሚፈልጉት የእናንተን ጥያቄ ነው፤ ደላላው ጥያቄ ሊሸጥላችሁ አይችልም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደብዳቤውን ይዛችሁ ወደ ኮሚቴው ኑ፤ ከተማሩት ወንድሞቻችን ጋር እናጣራው።

ለወላጆች

አባቶችና እናቶች ሆይ! ልጃችሁ አምስት ዓመት ልማር ሲል «መቼ ነው የሚያግዘን?» ማለታችሁ ከኑሮ የመጣ እንጂ ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሐሳቡን ግልጥ አድርጋችሁ ተመካከሩ። የቤቱ ዕዳ ስንት ነው? ታናናሾቹን ማን ያስተምራል? ልጁ ከሚያገኘው ደመወዝ ምን ሊልክ ይችላል? ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ፣ ልጁ በሁለተኛው ዓመት በስልክ በሚመጣ ወቀሳ ልቡ ይከፈላል፤ ትምህርቱም ይበላሻል።

አንድ አባት መጥተው «ልጄ ኬሚስትሪ ጨርሳለች፣ ይበቃታል በልልኝ» አሉኝ። እኔ ግን «ይበቃሻል» የምልበት ማስረጃ የለኝም አልኳቸው። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ጎጃም ፍኖተ ሰላም ተወልደው አሜሪካ በካንሳስ ዶክትሬታቸውን ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ለመምራት በቅተዋል። የሴት ልጅ የጉዞ ጉዳይ ካሳሰባችሁ ከዑለማ ጋር ተማከሩ፤ አምስት ኪሎም እንዳለ አትርሱ። ነገር ግን ጥያቄ ያላትን ልጅ ጥያቄዋን አትቀሟት። እኚያ አባት ዝም ብለው ሄዱ። ልጅቷ ዛሬ ሁለተኛ ዲግሪዋን በመማር ላይ ናት፤ ጠዋት ጠዋት የሚሸኟት እርሳቸው ናቸው።

መዝጊያ

ውድ ወጣቶች! ከአመለከታችሁባቸው ከስምንቱ ሰባቱ «አልተቀበልንህም» ሊሉ ይችላሉ። ይህ በእናንተ ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም። ቦታው ጥቂት ነው፤ መምህሩም በዚያ ዓመት ገንዘብ ላይኖራቸው ይችላል። የዓላማ መግለጫችሁን አርሙ፣ መምህራችሁን አማክሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመልክቱ። ኢስቲኻራ ስገዱ፤ ከሰገዳችሁ በኋላ ግን ተነሥታችሁ ደብዳቤውን ጻፉ።

ኮሚቴውን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከክረምት ጀምሮ ከዒሻ ሶላት በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ለአመልካቾች አንድ ክፍልና አንድ ኮምፒውተር ይፈቀድ። ሁለተኛ፣ ከጀመዓችን የተማሩት ወንድሞችና እህቶች የታናናሾቻቸውን ጽሑፍ እንዲያነቡ ስማቸው ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ ለፈተናና ለሰነድ ክፍያ የሚሆን አነስተኛ የብድር ሣጥን ይቋቋም፤ ያለ ወለድ፣ በምስክር የተጻፈ፣ የተበደረው ሲያገኝ የሚመልሰው።

ድልድያችን በስማቸው የተጠራው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የምኒልክ የጦር ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1919 ዓ.ም. ዐርፈዋል። እኛ ሁላችን ጠዋትና ማታ በላዩ እናልፋለን። ከመካከላችን ግን ይህ ድልድይ ስንት ጭነት ይችላል፣ ስንት ዓመትስ ይቆያል ብሎ በማስረጃ የሚመልስልን ልጅ ቢወጣ ለጀመዓው ሁሉ ጥቅም ነው። አላህ ጠቃሚ እውቀት ይስጠን፣ ያወቅነውንም የምንሠራበት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።